እህቴ ከጭሱ የሸሸች ዕለት

ስሜ ሰልዋ ነው። የተወለድኩት ሱዳን፣ ኦምዱርማን ነው። አዲስ አበባ ከገባሁ ግን አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። የምቆጣውም፣ የምቆጥረውም፣ አንዳንዴ የማልመውም በአማርኛ ስለሆነ ይህንንም የማጫውታችሁ በአማርኛ ነው። ባለቤቴ ነስሩ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ካርቱም ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ተዋወቅን፣ ተጋባን፣ ተያይዘን መጣን። አላህ ልጅ አልሰጠንም። የምንኖረው ሸጎሌ፣ ከከብት ገበያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ በኪራይ ነው። ሥራዬ ማስተማር ነው። አዲሱ ገበያ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ የሚሄዱ ሴቶችን ዐረብኛ አስተምራለሁ። «ይህ ማንኪያ ነው። ይህ መጥረጊያ ነው። እመቤቴ፣ አሞኛል።» እንዲህ እንዲህ ያለውን።

የሰፈሩ ሰው ሰሉ ነው የሚለኝ። «ሰሉ እኮ የኛው ናት» ሲሉ ስሰማ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። ያን ጊዜ እንዲህ ነበርኩ። ሀገሩን አውቀዋለሁ፣ ሀገሩም ያውቀኛል ብዬ የተቀመጥኩ ሴት።

ታናሽ እህቴ ሀናን፣ ሪም ከምትባል የስምንት ዓመት ሴት ልጇ ጋር የመጣችው ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ጦርነቱ ከተነሣ ጀምሮ ከከተማ ወደ ከተማ ስትሸሽ ኖራ፣ በመጨረሻ ፖርት ሱዳን ደርሳ በአውሮፕላን ተሳፈረች። ባሏ ኦምዱርማን ውስጥ ውሃ ሊቀዳ እንደወጣ ቀርቷል። ሞተ አትልም። ሰው ሲጠይቃት «ገና አልመጣም» ነው መልሷ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቤት ስንመጣ በታክሲው መስኮት የፈረሱ ቤቶች አየች። ግድግዳቸው ለሁለት የተከፈለ፣ ቆርቆሯቸው መሬት ላይ የተጠቀለለ። ክንዴን ጨመቀችኝ።

«ይህን ማን ደበደበው?» አለች በዐረብኛ።

«ማንም አልደበደበውም። ለመንገድ ሥራ ነው የፈረሰው። ሊገነቡት ነው።»

ፊቴን አየችው። ያመነችኝ አልመሰለኝም። በማግስቱ ወደ ሥራ ስሄድ በዚያው ቦታ አለፍኩ፤ አንዱ ግድግዳ ላይ ሰማያዊ የወጥ ቤት ቀለምና አንድ ሚስማር ላይ የቀረ የሕፃን ካልሲ አየሁ። በየቀኑ የማልፍበት ቦታ ነው። አይቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱትን ሴቶች አይታ «ከማን ነው የሚሸሹት?» አለችኝ። በድምፅ ማጉያ የሚሰማውን የሌሊት ጸሎት ሰምታ «ምን እያስጠነቀቁ ነው?» ብላ ቀሰቀሰችኝ። መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚያወሩ ጎረምሶች ባየች ቁጥር ሪምን ወደ ቀኝ ጎኗ ታዛውራታለች። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ ወታደሮች አይታ ጠየቀችኝ።

«እዚህም ጦርነት አለ እንዴ?»

«አለ። ግን ሩቅ ነው፤ ክፍለ ሀገር ነው።»

«እኛም ሩቅ ነው እንል ነበር» አለችና ቴሌቪዥኑን አጠፋችው።

እውነቱን ልናገር፣ ሰለቸኝ። ተናደድኩም። የተቀበለችኝን፣ ሰው ያደረገችኝን ከተማ እህቴ እንደ ወንጀለኛ ስትመረምርብኝ የሰደበችኝ መሰለኝ። ኅዳር ሚካኤል ሊሆን ማምሻውን፣ ሪምን ጫማዋን ሳታወልቅ አስተኝታት አገኘኋት። ጮኽኩባት።

«ልጅቷን ለምን ታስፈራሪያታለሽ? ጦርነቱን ከሻንጣሽ ጋር ይዘሽብኝ መጣሽ?»

ሀናን የሪምን ጫማ አውልቃ ከአልጋው ሥር አስተካክላ አስቀመጠችው። እኔም ይቅርታ ሳልጠይቅ ተኛሁ።

ነስሩ በዚያ ሳምንት ለሥራ አዳማ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እነርሱ ሳይነሡ፣ ወደ ማስተማሪያ ክፍሌ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ከየሰፈሩ ጭስ መነሣት ጀምሯል። ኅዳር ሲታጠን ነው። ኅዳር አሥራ ሁለት ሰው ሁሉ ቤቱን፣ ግቢውን፣ መንገዱን ጠርጎ ቆሻሻውን በየደጁ ያቃጥላል። በድሮ ዘመን በኅዳር ወር የገባ ወረርሽኝ ከተማውን ስለጨረሰ፣ በሽታ እንዲሸሽ ነው ይባላል። በአሥራ ስምንት ዓመት ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም ሽታውን እወደዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ኡፍ፣ ዘንድሮስ ባሰ» ስትል፣ «በሽታው ይሂድልን ብቻ» ብዬ ሳቅኩ።

አንድ ጊዜ እንኳን፣ አንዲት ሰከንድ እንኳን፣ ሀናን ትዝ አላለችኝም።

አምስት ሰዓት ላይ በዕረፍት ደወልኩላት። ስልኳ ተዘግቷል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሜ ደወልኩ፤ ተዘግቷል። ያኔ ልቤ ፈራ፤ ምን እንደፈራ ግን አላወቅኩም። ተማሪዎቼን አሰናብቼ ታክሲ ያዝኩ። ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሰፈሩ በጭስ ተሸፍኖ ፀሐይዋ እንደ አሮጌ መዳብ ቀልታለች። የደጃችን እሳት አመድ ሆኖ መሐሉ ላይ የፈነዳ የዲዮዶራንት ጣሳ ወድቋል።

በሩ አልተቆለፈም። ስገፋው አንድ ነገር ከበስተኋላው ያዘው፤ እርጥብ ፎጣ ነበር፣ በበሩ ሥር የተጠቀጠቀ። የአልጋዬ ፍራሽ ተነሥቶ መስኮቱ ላይ ተደግፏል። ሰው የለም። የልብስ ቁም ሳጥኔ መሳቢያ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ ባዶውን። የመኖሪያ ፈቃዴ የለም፣ የጋብቻ ወረቀቴ የለም፣ የሰርጌ ወርቅ የለም።

እዚህ ላይ ልዋሻችሁ እችል ነበር፤ ያየ ማንም የለም። ግን የመጀመሪያ ሐሳቤ «እህቴ ምን ሆነች?» አልነበረም። «ሰረቀችኝ» የሚል ነበር። ማምሻውን የተናገርኳት ቃል አስቀይሟት፣ ወርቄን ይዛ ወደ ሌላ ሀገር ልትሻገር ተነሣች አልኩ። በቁሜ ረገምኳት።

እትዬ ዘነበች በነጠላቸው እንደተከናነቡ ከኋላዬ ገቡ። ከሚካኤል ተመልሰው ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ድምፃቸው ግን የጎረምሳ የሆነ ሴት ናቸው።

«ሰሉ፣ ምን ሆነሽ ነው? ቤቱ ምን ሆኗል?»

«እህቴ የለችም፣ እትዬ። ዕቃዬም የለም።»

«እንዴ! ጠዋት አይቻታለሁ እኮ። እሳቱን ስለኩስ በመስኮት አየችኝ። ችቦውን እንደያዝኩ እጄን አነሣሁላት፣ እንደምን አደርሽ ለማለት። ወዲያው መጋረጃውን ዘጋችው። ከዚያ ያ ጣሳ እሳቱ ውስጥ ድው! ብሎ ፈነዳ፤ እኔም ደንግጬ አማተብኩ።» ወደ በሩ ጀርባ ጠቆሙ። «ይሄስ ወረቀት? የእናንተ ጽሑፍ መሰለኝ።»

በሩን ስከፍተው ከግድግዳው ጋር ስለተጣበቀ አላየሁትም። ከሪም ደብተር የተቀደደ ገጽ በመርፌ ተሰክቷል። የሀናን እጅ ጽሑፍ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ሰልዋ፣ መጥተዋል። ከተማው በሁሉም አቅጣጫ እየነደደ ነው። ወረቀቶችሽንና ወርቅሽን ይዤልሻለሁ፤ ያለ ወረቀት የትም አያሳልፉሽም። ወደ ዛፎቹ ወጥተናል። አትደውይ፤ ድምፁ እንዳያጋልጠን ስልኬን ዘግቻለሁ። በዋናው መንገድ አትምጪ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለእትዬ ዘነበች በአማርኛ ነገርኳቸው። ነጠላቸው ከራሳቸው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሡትም።

«ወይኔ ልጄን... እኔ ነኝ። በችቦ ነው ያባረርኳት።»

«እርስዎ ምን ያውቃሉ? ያልነገርኳት እኔ ነኝ።»

«በይ ተነሺ። እኔም እሄዳለሁ።»

«ጉልበትዎ...»

«ጉልበቴን ተይው! እሳቱን የለኮስኩ እኔ ቤት ልቀመጥ?»

ለነስሩ ደወልኩለት። ወዲያው እመጣለሁ፣ ለፖሊስ እደውላለሁ አለ። እኛ ሽቅብ ጀመርን። ከመጨረሻዎቹ ቤቶች በላይ መንገዱ እየጠበበ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይገባል። ወደ ቀኝ የእጽዋት ማዕከሉ አጥር ይታያል፤ ወደ ግራ ገደል ነው፤ ከሥሩ ድንጋይ የሚፈለጥበት ጉድጓድ አለ። ነስሩና እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመናፈስ የምንወጣበት መንገድ ነው። ያን ቀን ግን ጭሱ ከታች እየተጎተተ ከዛፎቹ መሐል ገብቶ ግንዶቹ የቆሙ ሰዎች ይመስሉ ነበር። በየጥቂት እርምጃው አንዱ የሚንቀሳቀስ ይመስለኝና እቆማለሁ። «ሀናን! ሪም!» እያልኩ ተጣራሁ። ትንሽ ቆይቶ ገባኝ፤ ስሜን እየጠራ የሚከተለኝ ድምፅ ቢኖር እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እደበቅ ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ብሎ መፈለግ ደግሞ የበለጠ ያስፈራል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ እንጨት የተሸከሙ ሦስት ሴቶች ከላይ ወረዱ። የፊተኛዋ፣ በኋላ ጫልቱ እንደምትባል ያወቅኳት፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ደረቅ ያለች ሴት ናት። አስቆምናቸው።

«እህቴ፣ ልጅ የያዘች ሴት አላየሽም? ጥቁር ሻርፕ ያደረገች፣ አማርኛ የማትናገር?»

ጫልቱ ሸክሟን ሳታወርድ ቀና ብላ አየችኝ። «ጠዋት አይቻታለሁ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ነበር። የጠፋች መስሎኝ ውሃ ልሰጣት ቀረብኩ። የልጅቷን አፍ በእጇ አፍና ሮጠች።» ጓደኞቿን አየች። በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተባባሉ። «ያንቺ ናት?»

«እህቴ ናት።»

«እንግዲያው ቶሎ በይ። ከላይ ባለው መንደር አሁን ስናልፍ ሰው ተሰብስቧል። ልጅ የሰረቀች ሴት ይዘናል እያሉ ነው።»

እትዬ ዘነበች «በስመ አብ!» አሉ። ልጅ ሰራቂ ተብሎ የተያዘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔም ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሻይ እየጠጣሁ፣ «አይ ሰው!» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ አልፌም አውቃለሁ።

ጫልቱ ወገቧን አጎንብሳ ሸክሟን መሬት ላይ ጣለችው። ያን ሸክም መልሶ ለማንሣት ሁለት ሰው እንደሚያስፈልግ ሰፈራችን ያለ ሁሉ ያውቃል። «በአቋራጭ ልውሰዳችሁ» አለችና ፊት ፊታችን ሮጠች።

መንደሩ ከአሥር የማይበልጡ የጭቃ ቤቶች ያሉበት ሜዳ ነው። ሰላሳ ሰው ያህል ክብ ሠርቶ ቆሟል። በሰዎቹ ትከሻ መሐል ሀናንን አየኋት። የቆርቆሮ አጥር ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሻርፗ ወልቋል። ከግንባሯ ትንሽ ደም ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን አግድም ይዘው ከፊቷ ቆመው ሰውን ይከለክላሉ። ሪም ግን አጠገቧ የለችም፤ ከክቡ ማዶ አንዲት ወፍራም ሴት እጇን ይዛታለች።

ሀናን አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል፤ ግን የማንንም ፊት አታይም። እጆችን ነበር የምታየው። እኔም ሳላስበው እጆችን አየሁ። በአንዱ እጅ ዱላ። በአንዱ ድንጋይ። በአንዱ ስልክ፣ ሊቀርጽ የተደገነ። በአንዱ የእኔ ወርቅ። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ታክሲ ውስጥ «ጠጋ በይ እህቴ» እያሉ ቦታ የሚለቁልኝ ዓይነት ሰዎች ናቸው። በእሷ ዓይን ሳያቸው አላወቅኳቸውም።

ከዚያ ትልቁን ስሕተት ሠራሁ። «ሀናን!» ብዬ በዐረብኛ ጮኽኩ፣ «አትፍሪ፣ እኔ ነኝ!»

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ሌላዋም መጣች!» አለ ወርቁን የያዘው ወጣት። «ይኸው፣ አንድ ቋንቋ ነው የሚናገሩት! ግብረ አበሯ ናት!»

ከኋላዬ የሆነ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ሌላው ሻርፔን። በአማርኛ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ አማርኛዬ የለም። አሥራ ስምንት ዓመት የኖርኩበት፣ የተጣላሁበት፣ የታረቅኩበት ቋንቋ ከአፌ ጠፋ። የወጣው «እህት... እህት የኔ...» ብቻ ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት እንደምናገረው ተሰባብሮ።

«ከየት ነሽ አንቺ?» አለኝ ክንዴን የያዘው።

«ከሸጎሌ» አልኩ።

«ከየት ነሽ ነው ያልኩሽ!»

«ከሸጎሌ!» አልኩ ደግሜ። ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

ያን ጊዜ እትዬ ዘነበች እያለከለኩ ደረሱ። ሰውን በክርናቸው እየገፉ መሐል ገቡ።

«ልቀቃት! ልቀቃት ነው የምልህ! ከሚካኤል መምጣቴ ነው፣ በታቦቱ ስም! ይቺ ተከራዬ ናት፣ ልጄ ናት። ያቺ እህቷ ናት። ጦርነት ያባረራት ምስኪን ናት። ጠዋት እኔ በችቦ ቆሻሻ ሳቃጥል አይታ ከተማው ተወረረ ብላ ነው የሸሸችው። ያስፈራኋት እኔ ነኝ፤ የምትመቱ ከሆነ እኔን ምቱ!»

ጫልቱም በአማርኛም በኦሮምኛም እያደባለቀች ተናገረች። የመንደሩ ሰው ያውቃታል። የያዙኝ እጆች ላሉ። ወጣቱ ግን አልተመለሰም።

«እማማ፣ ይሄስ ምንድን ነው? የሌላ ሰው መታወቂያና ወርቅ ቦርሳዋ ውስጥ አግኝተናል። ልጅቷንም እናትሽ ናት ወይ ብለን በምልክትም ጠይቀናታል። አይደለችም ብላ ራሷን ነቀነቀች! የገዛ ልጅ እናቱን ይክዳል?»

«መታወቂያውን ክፈተው» አሉ ሽማግሌው።

ከፈተው። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ፎቶውን አየ። ለሽማግሌው ሰጣቸው። እርሳቸውም ከዓይናቸው አርቀው አዩትና «እሷው ናት» አሉ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «ልጅቷን ልቀቂያት። ወደ ማን እንደምትሄድ ሁላችንም እንይ።»

ሴትዮዋ እጇን ለቀቀች። ሪም ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እናቷን አላየችም። መሬት መሬት እያየች ዝም ብላ ቆመች።

«ይኸው!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።

እኔም ግራ ገባኝ። ሀናንን አየኋት፤ እሷም ልጇን አታይም፣ ሆነ ብላ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራለች። ያኔ ገባኝ። በየኬላው፣ በየመንገዱ ያስተማረቻት ነው። እኔን ከያዙኝ አታውቂኝም። አታልቅሺ፣ አትዪኝ፣ ወደ እኔ አትምጪ። ልጅቷ እናቷን የካደችው እናቷ ስላዘዘቻት ነው።

«ሀናን» አልኳት በዐረብኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ንገሪያት። ወደ አንቺ እንድትመጣ ንገሪያት። ካልመጣች አያምኑንም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ምኑን?»

«እነዚህን ሰዎች። ታውቂያቸዋለሽ? እርግጠኛ ነሽ?»

የጥያቄዋ ክብደት ዛሬም ደረቴ ላይ አለ። የልጇን ነፍስ በእኔ አንድ ቃል ላይ ልታስቀምጥ ነው። ሰዎቹን አየሁ። ዱላው አልወረደም። ድንጋዩም እጅ ውስጥ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት «አውቃችኋለሁ» ስላቸው የኖርኩትን ሰዎች ቆሜ አየሁና እርግጠኛ አልነበርኩም። ሽማግሌው ያሸንፋሉ ወይስ ያ ወጣት፣ አላውቅም ነበር።

«አዎ» አልኳት።

ከዚያ በቀስታ፣ እንደምታስተኛት ያህል፣ «ሪም፣ ነዪ» አለች።

ልጅቷ እንዴት እንደሮጠች ልነግራችሁ አልችልም። በሰው እግር መሐል ተሽሎክልካ እናቷ ደረት ውስጥ ስትገባ ያሰማችው ድምፅ የሰው ልጅ ድምፅ አይመስልም። ያ ቀን ሙሉ ታፍኖ የቆየ ጩኸት ነው። እጇን ይዛት የነበረችው ወፍራም ሴት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ምን አደረግን!» ብላ ተቀመጠች። አንዷ ውሃ ይዛ ሮጠች። ድንጋይ የያዘው ሰው ድንጋዩን ከጀርባው ሲጥል አየሁት፤ ማንም እንዳያየው ቀስ ብሎ። ወዲያው በዚያው እጁ ነጠላውን አውልቆ ለሪም አለበሳት።

ወርቄን የያዘው ወጣት እያንዳንዱን ቀለበት እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይቅርታ እህቴ። ባለፈው ሳምንት ከታች ሰፈር ልጅ ጠፍቷል ሲባል ሰምተን... በቃ፣ ፈርተን ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። እነሱም ፈርተው ነበር። አማርኛዬ ተመልሶልኛል፣ ግን ቀለበቶቹን በሻርፔ ጫፍ መቋጠር ያዝኩ።

ስንወርድ አመሻሽ ነው። ስድስት ሰዎች ሸኙን። ጫልቱ ሸክሟን ከጣለችበት ልታነሣ ስትል ከሸኙን መካከል ሁለት ጎረምሶች አግዘው ጀርባዋ ላይ አስቀመጡላት። ከተማው ከታች በጭስ ውስጥ መብራቱን ማብራት ጀምሯል። ሀናን ሪምን አዝላ ከጎኔ ትሄዳለች።

«ደጎች ናቸው» አለችኝ።

«አዎ፣ ደጎች ናቸው» አልኩ ተሽቀዳድሜ።

«እዚያም ደጎች ነበሩ።»

ይቅርታ የጠየቅኳት በዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። ስለ ማምሻው ቃሌም፣ መሳቢያውን ባዶ ሳየው ስላሰብኩትም። ሁለተኛውን ባልነግራት አታውቅም ነበር። ነገርኳት። «እኔም ያንቺን ከተማ በሐሳቤ አቃጥዬው ነበር፤ ተካክለናል» አለችና ሪምን ወደ ላይ ቀና አድርጋ አዘለቻት። ነስሩ ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ጋ ቆሞ ሲጠብቀን አገኘነው። ልጅቷን ከሀናን ጀርባ ተቀብሎ ተሸከማት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሀናን ሰፈሩን ለምዳለች። ሪም ትምህርት ቤት ገብታለች፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ለተማሪዎቼ ድሮ የዕቃ ስም ነበር የማስተምራቸው፤ አሁን የመጀመሪያው ትምህርቴ «ይህ ምንድን ነው? ለምን ታደርጉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በየሰፈራችሁ አዲስ የመጣ ሰው ካለ፣ ርችት ከመተኮሳችሁ፣ እሳት ከማንደዳችሁ በፊት በሩን አንኳኩና ንገሩት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አምስቱን ደቂቃ ነፍጌ እህቴን ላጣት ነበር።

ግን ይህን ብቻ ብዬ ብጨርስ ሙሉውን አልነገርኳችሁም። ከተማዬን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። ታክሲ ውስጥ ስገባ ፊት ከማየቴ በፊት እጅ አያለሁ። ሰው ሲሰበሰብ ሽማግሌው የት እንዳሉ እፈልጋለሁ፤ ከሌሉ ቶሎ አልፋለሁ። አሁንም እወዳቸዋለሁ፣ አሁንም የኔ ናቸው። ነገር ግን «አዎ» ያልኳት ቀን ሳላውቅ እንደተናገርኩ አልረሳውም።

ባለፈው ሰሞን እትዬ ዘነበች ከሰዓት በኋላ መጥተው ከሀናን ጎን ተቀመጡ። ነጠላቸውን ሲያጣጥፉ ሲፈቱ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ልጅ እንዳይሰማ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ሰሉ፣ እስቲ ጠይቂልኝ። እዚያ ሀገራቸው... ከመጀመሩ በፊት ምን ነበር? ማለቴ፣ ምልክቱ ምንድን ነው? አንድ ነገር አይተው ይሆናል እኮ።»

ተረጎምኩላት። ሀናን አሰበች። መልስ ለመስጠት ሳይሆን በእውነት ለማስታወስ ስትሞክር አየኋት።

«ምንም» አለች። «ቅዳሜ ነበር። ዳቦ ቤቱ ክፍት ነበር።»

እትዬ ዘነበች አፌን አፌን እያዩ ይጠብቃሉ። እኔ ግን ለረጅም ጊዜ መተርጎም አቃተኝ።